የመድኃኒቴን መጠን በትዕግሥት ላስተካከሉልኝ ሐኪም ምስጋና

ፒያሳ አካባቢ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪም ላደረጉልኝ ክትትል በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ፈላጊ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የትኩረት ማነስ ችግር (ኤዲኤችዲ) እንዳለብኝ የታወቀው ከጎለመስኩ በኋላ ሲሆን፣ ለዚሁ ችግር የሚሰጠውን ሜቲልፌኒዴት የተባለ መድኃኒት ቀድሞ ያዘዘልኝ ቦታ ልቤ በኃይል እንደሚመታ ስናገር «ይለምዱታል» ከማለት ያለፈ ምላሽ አልሰጠኝም። እኚህ ሐኪም ግን ስለ መጠኑ ከመነጋገራችን በፊት የደም ግፊቴንና የልብ ምቴን ለኩ፤ ያውም ደረጃውን ወጥቼ እያለከለክሁ ስለገባሁ አምስት ደቂቃ ያህል አስቀምጠው። ከዚያ በ5 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ አስጀመሩኝ፤ ጭማሪው በሳምንት ከ5 ወይም ከ10 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ እየተጠነቀቁም፣ ግፊቴን፣ እንቅልፌንና የምግብ ፍላጎቴን በደብተር እንድመዘግብ አደረጉ።

በጣም ያስደነቀኝ መቀነስንም የማይፈሩ መሆናቸው ነው። አንድ ጊዜ መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ሥራዬ ቢቀላጠፍም የቢሮ ባልደረቦቼ «ምነው ፈዘዝክ፣ ጨዋታህ የት ገባ?» ይሉኝ ጀመር፤ ይህን ስነግራቸው መጠኑ እንደበዛብኝ አስረድተው ወደ ቀድሞው መለሱልኝ። እንቅልፍ ማጣቴንም ሌላ ኪኒን ሳይጨምሩ ፈቱት። የምወስደው ፈጣኑ ዓይነት ከተዋጠ በኋላ ለአራት ሰዓት ገደማ ስለሚሠራ፣ አመሻሽ ላይ እውጠው የነበረውን ሁለተኛውን ኪኒን ወደ ቀን ስድስት ሰዓት አመጡት። ቡናን በተመለከተ «ከአቦል አይለፉ» ብለውኛል (ለእኔ ከባዱ ትእዛዝ ይኸው ነበር)፤ ጫት እቅም እንደሆነም ያለ ወቀሳ ጠየቁኝ፣ ሁለቱም የልብ ምትን ስለሚያፈጥኑ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ መድኃኒቱ ረሃብን ስለሚያጠፋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ቀላል መስሎኝ ሳለ፣ ሚዛን ላይ አውጥተው ክብደቴ መቀነሱን አሳዩኝና የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር እንድመክር ነገሩኝ። አሁን ጠዋት ቁርስ በልቼ ነው የምውጠው።

ክሊኒኩ ወረፋ አለው፤ ሐኪሟም ስለማይቸኩሉ ይጠበቃል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው የቀድሞ የምርመራ ውጤቱን፣ መድኃኒት የጀመረም የያዘውን ማዘዣ ይዞ ቢሄድ ጊዜ ይቆጥባል።