የአምናዎቹ የገና ስጦታዎች ዘንድሮ የት ደረሱ?

አምና ለ2017 ዓ.ም. ገና ለአራት ታዳጊዎች፣ ማለትም ለሁለቱ ወንዶች ልጆቼና ለእህቴ ሁለት ሴቶች ልጆች ስጦታ ለመግዛት የመደብኩት ገንዘብ በጠቅላላው 2,500 ብር ነበር። ልጆቼ የ15 እና የ16 ዓመት፣ የእህቴ ልጆች ደግሞ የ13 እና የ17 ዓመት ነበሩ። ዘንድሮም በዓሉ ታኅሣሥ 29 ስለሚውልና ያው ወጪ ስለተደቀነብኝ፣ አዲስ ነገር ከመግዛቴ በፊት የአምናዎቹ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ አንድ በአንድ ተመለከትኩ። ስጦታ በተሰጠበት ዕለት ሁሉም ያምራል፤ ልጆቹም ጨዋ ስለሆኑ ባይወዱት እንኳ አመስግነው ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ስለዚህ ዕቃዎቹንም የገዛሁባቸውንም ቦታዎች የምመዝነው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ባዩት አገልግሎት ነው።

በእኛ ልጅነት የገና ስጦታ ማለት አዲስ ልብስ ነበር፤ ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ሩር ሲለጉ ይውላሉ፣ ቤት ውስጥ ዶሮው ይሠራል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚከፈት ነገር አልነበረም። የተጠቀለለው ስጦታ ወደ ከተማችን የገባው ከጽዱና ከመብራቱ ጋር ስለሆነ፣ ምን ያህል ይበቃል የሚለው ገና በልማድ አልጸናም። ትንንሽ ልጆችን በማንኛውም አሻንጉሊት ማስደሰት ይቻላል። የ15 ዓመት ልጅ ግን ስጦታውን የሚመዝነው ጓደኞቹ ፊት ይዞት ይወጣል ወይስ አይወጣም በሚል ነው፣ ይህንን ደግሞ እንደ ቅብጠት አላየውም፤ በዚያ ዕድሜ የሰው ዓይን ከባድ ነው።

ከአራቱ ስጦታዎች ሁሉ የተሳካው ለ15 ዓመቱ ልጄ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች በአንዱ የገዛሁት የአርሰናል ማሊያ ነው። ዋናው የክለቡ ምርት እንዳልሆነ ሻጩም አልደበቀኝም፤ 750 ብር ከፈልኩ። ዋጋውን ያስከነዳው ግን 150 ብር ጨምሬ ያሳተምኩት ጽሑፍ ነው። ታላቅ ወንድሙን በምስጢር ጠይቄ በትምህርት ቤቱ ቡድን የሚለብሰው ቁጥር 8 መሆኑን አውቄ ስለነበር፣ የታዋቂ ተጫዋች ስም ሳይሆን የራሱን ስምና የራሱን ቁጥር አስጻፍኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በማስመሪያ አስተካክሎ ደረደራቸው፣ የጋለውን ማተሚያ ጥቂት ሰከንዶች ተጫነው፣ እስኪበርድ ከጠበቀ በኋላም ላዩ ላይ ያለውን ስስ ፕላስቲክ ከጥግ ጀምሮ ቀስ አድርጎ ላጠው። «ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ካውያ እንዳይነካው» ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ እኛም ምክሩን ጠበቅን። ዛሬ ከ8 ቁጥሩ የታችኛው ክብ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወጥቷል፣ የአንዱ እጅጌ ስፌትም አንድ ጊዜ ተተርትሮ ሰፍቼዋለሁ፤ ከዚያ በቀር ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን ይለብሰዋል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ መግዛቴም ጠቅሞኛል፤ ያን ጊዜ ትከሻው ላይ ይንጠለጠል የነበረው አሁን ልክ ሆኖታል።

ለ16 ዓመቱ ልጄ በብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከሚሸጡት ያገለገሉ መጻሕፍት ሁለት ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች በ400 ብር ወሰድኩለት። ሻጩ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነና የመጨረሻ ጊዜ ያነበበው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ሁለተኛውን ባለማወቄ አፈርኩ። «ግድ የለም እናቴ፣ አንብቦት ከሆነ ይዘሽው ነይ፤ ገጹ ካልተቀደደ እቀይርልሻለሁ» አለኝ። ልጄ አንዱን በአራት ቀን ጨርሶት ለጓደኛው አዋሰው፣ ከጓደኛው ወደ ጓደኛው እህት ዘልቆ በሦስተኛው ወር ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ግን ከ40ኛው ገጽ አላለፈም። ያንን መጽሐፍ ይዘን ስንሄድ ሻጩ በግማሽ ዋጋ አስቦ በሌላ ለወጠልን። ደንበኛውን እንዲህ የሚያስተናግድ ሰው ሳገኝ ከልቤ እመርቃለሁ፤ ልጄም ከዚያ ወዲህ ያለእኔ እየሄደ ይለዋውጣል።

ለ17 ዓመቷ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄጄ በ500 ብር የሸማ ስካርፍ ገዛሁላት። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የተደረደሩት ሱቆች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ የያዙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በእጅ ከተሸመነው ጎን ለጎን ጥለቱ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅም ስለሚሰቀል፣ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ጨርቁን መገልበጥ አለበት። በድርና ማግ የተሠራ ጥለት በጀርባውም በኩል ክሩ ይታያል፣ ጣት ሲዳብሰውም ከፍ ያለ ነው፤ የታተመው ግን ከጀርባው ደብዝዞ ይታያል፣ ሲዳበስም ልሙጥ ነው። እኔ የመረጥኩት ጥለቱ ቀጭንና ቀለሙ ለስለስ ያለ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ለበዓል ብቻ የሚለበስ ነገር ቁም ሣጥን ውስጥ ትተወዋለች። እርሷም ከጂንስ ጃኬት ጋር ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሽሮ ሜዳ ከገና ሳምንት ቀደም ብሎ መሄድ ይመረጣል፤ ገናና ጥምቀት ሁለት ሳምንት ባልሞላ ልዩነት ስለሚከታተሉ፣ ገዢው በበዛ ቁጥር ሻጩ ከጠራው ዋጋ መውረድ አይፈልግም።

የተሳሳትኩት በ13 ዓመቷ ስጦታ ነው። መርካቶ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ በ450 ብር ገዛሁላት፤ ሳጥኑ ያማረ፣ መብራቱም የሚያብለጨልጭ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው የግራው ጆሮ ድምፅ አጣ፣ ቀጥሎም ማስቀመጫው ቻርጅ መያዝ አቆመ። ደረሰኝ ስላልነበረኝ ሱቁ አልቀበልም አለ፤ ልጅቷ ግን እኔ እንዳልከፋ ብላ ነገሩን ለአንድ ወር ያህል ደብቃኝ ኖሮ፣ ይህንን ስሰማ ከገንዘቡ ይልቅ እርሱ ቆጨኝ። በዚያ ዋጋ ገመድ አልባ መግዛት ትርፉ ብስጭት ነው። የትልቁ ልጄ ባለ ገመድ ማዳመጫ በ200 ብር የተገዛ ሲሆን እስካሁን ይሠራል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሁለቱንም ጆሮ በሙዚቃም በስልክ ጥሪም ይሞክር፣ የመመለሻውንም ቀን በደረሰኝ ላይ ያስጽፍ።

ቸኮላት ጨምሪ ያሉኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ለሚጾሙ ልጆች ወተት ያለበትን ቸኮላት ከበዓሉ በፊት መስጠት ማጓጓት ብቻ ስለሆነ ተውኩት። መጠቅለያ ወረቀትና ታክሲ 150 ብር ወስደው አጠቃላይ ወጪዬ 2,400 ብር ሆነ።

ዘንድሮ አስቀድሜ የማካክሰው የትንሿን ስጦታ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ደብተሯን ሳገላብጥ የኋላ ገጾቹ በሙሉ በእስክሪብቶ በተሣሉ ፊቶችና እጆች ተሞልተው አገኘሁ፤ ወፍራም ገጽ ያለው የሥዕል ደብተርና ባለቀለም እርሳስ ብገዛላት ምን እንደሚመስላት ጠየቅኳት። ለአፍታ አሰበችና «አክስቴ፣ ባለ 12ቱ ላይ የቆዳ ቀለም የሚሆን የለውም፤ ባለ 24ቱን ግዢልኝ፣ ደብተሩ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም» አለችኝ።