አንድ ባንድ፣ ስድስት ድምፅ፦ የትኛውን የኤሲዲሲ አልበም ልግዛ?

ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለና «ለበዓል ልመጣ ነው፣ ምን ላምጣልህ?» አለኝ። ሰው ጫማ ይላል፣ ስልክ ይላል። እኔ «የኤሲዲሲ ሲዲ» አልኩት፣ የአውስትራሊያው ሮክ ባንድ። «የቱን?» ሲለኝ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። «ደግሞስ ሁሉም አንድ አይነት አይደል እንዴ?» ብሎ ጨመረበት።

ግማሹ እውነት ነው። በ2017 የሞተው ማልኮም ያንግ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በግሬች ጊታሩ ሪትም፣ ማለትም የዘፈኑን ምት የሚይዘውን ክፍል፣ ይመታ ነበር። ታናሽ ወንድሙ አንገስ በጊብሰን ኤስጂ ጊታሩ ሊድ፣ ማለትም ዜማውንና ሶሎውን፣ ይጫወታል። ሁለቱም ማርሻል አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ላይ ይሰኩ ነበር። ኮርዶቹም ያው ናቸው። ግን አልበሞቹን ተራ በተራ ብትሰሟቸው አንዱ ሳሎን ውስጥ፣ አንዱ ስታዲየም፣ አንዱ ደግሞ ባዶ የውሃ ታንከር ውስጥ የተቀረጸ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡት ለዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ለፕሮዲዩሰሩ (ቀረጻውን ለሚመራው ሰው) እና ለሚክሲንጉም (ድምፆቹ ተመጣጥነው ለሚዋሃዱበት ሥራ) ነው።

እኔ ይሄ የገባኝ እዚሁ ሐዋሳ ባጃጅ ውስጥ ነው። ከፒያሳ ወደ አቶቴ እየሄድን ሹፌሩ ስልኬን በብሉቱዝ እንዳገናኝ ፈቀደልኝ። ከኋላ ሁለት ስፒከር አለ፣ የቀኙ ግን ከሞተ ቆይቷል። «ፓወርኤጅ» የሚለውን አልበማቸውን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ዘፈን ግማሹ የለም! ሹፌሩ ራሱ ዞር ብሎ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ጎሎታል እንዴ?» አለኝ። ለካ ማልኮም በግራ፣ አንገስ በቀኝ ነው የሚቀመጡት፣ እኛ የምንሰማው ማልኮምን ብቻ ነበር። ቤት ገብቼ ኢርፎኑን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያደረግሁ አመሸሁ። እናንተም ሞክሩት፣ ነፃ ነው።

ማልኮምን ለብቻው ስትሰሙት የሚገርመው ጊታሩ ብዙ ዲስቶርሽን (የድምፅ መሻከር) የሌለው መሆኑ ነው። ክሩ ወፍራም ነው፣ ከጊታሩ ላይ ፒካፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዘውን መሣሪያ) አውጥቶ ጥሎ ብሪጁ (ክሩ ከታች የሚያርፍበት) አጠገብ ያለውን ብቻ አስቀርቶ ነበር፣ የአምፑን ጌይንም (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) አያበዛም ነበር። እያንዳንዱ ክር ለየብቻ ይሰማል። ክብደቱ የሚመጣው ሁለት ንጹህ የሆኑ ጊታሮች በግራና በቀኝ ሆነው እኩል ሲመቱ ነው። እዚህ የማውቃቸው ጊታር ጀማሪዎች ጌይኑን እስከ ጥጉ ያዞሩና «ለምን እንደነሱ አልሆነም?» ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ግዢው። «ፓወርኤጅ» የወጣው 1978 ነው። የተቀረጸው ሲድኒ አልበርት ስቱዲዮ ነው፣ ፕሮዲዩሰሮቹ ደግሞ ሃሪ ቫንዳና የማልኮም እና የአንገስ ታላቅ ወንድም ጆርጅ ያንግ። ደረቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አምፑ ፊታችሁ ያለ ነው የሚመስለው። ድራሙ ትንሽ ነው፣ አትጠብቁት። ጥሩ ኢርፎን ላለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም፣ ለሞንታርቦ ግን አይሆንም። ሸክላ የምትሰበስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መጀመሪያ አውሮፓ የወጣው ሸክላ ሚክሱ ከኋለኞቹ ይለያል፣ የዘፈኑ ዝርዝርም አንድ አይደለም። ሻጩን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

በ1979 «ሃይዌይ ቱ ሄል» ላይ አዲስ ፕሮዲዩሰር፣ መት ላንግ፣ መጣ። የአጃቢዎቹ ድምፅ ተስተካከለ፣ ጊታሮቹ ተሰበሰቡ፣ ግን ገና ጥሬነቱ አልጠፋም። መሃል ላይ ያለ ምርጫ ነው።

ከዚያ 1980። ድምፃዊው ቦን ስኮት በየካቲት ሞተ፣ ብራያን ጆንሰን ተተካ፣ ባሃማስ ናሳው ሄደው «ባክ ኢን ብላክ»ን ቀረጹ። ሚክስ የተደረገው ኒውዮርክ ነው። ይሄን አልበም ማንም ሰው ያወድሰዋል፣ እኔም ከማንም አልለይም፣ ግን ምክንያቴን ልንገራችሁ። ዝምታ አለው። ጊታሩ ይመታና ያቆማል፣ በዚያች ክፍተት ድራሙ ብቻውን ይቀራል፣ ከዚያ ጊታሩ ሲመለስ ደረታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። ላንግ ጊታሮቹን አላወፈራቸውም፣ ቦታ ነው የለቀቀላቸው። ለዚህም ነው በተበላሸ ስፒከር እንኳ የማይሞተው። አንገስ ጊታሩን ያለ ገመድ የሚያገናኝበትን መሣሪያ ስቱዲዮ ድረስ ይዞት ገብቷል፣ የሊዱ ጥርት ያለ ጠርዝ በከፊል ከዚያ ነው የመጣው ይባላል።

መክፈቻው ላይ ያለው ደወል እውነተኛ ነው፣ እንግሊዝ አገር ደወል የሚሠራበት ድርጅት ድረስ ሄደው ነው የቀረጹት። አንድ ማለዳ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስከፍተው እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ዛሬ ገብርኤል ነው እንዴ?» አለችኝ። ስፒከሬ ያን ቀን ፈተናውን አለፈ።

አሁን ለእኔ ዋናው ንጽጽር የሚመጣው። በ1983 «ፍሊክ ኦፍ ዘ ስዊች»ን ሲሠሩ ወደዚያው ናሳው ስቱዲዮ ተመለሱ። ቀራጩም ያው ቶኒ ፕላት ነው። ድራመሩም ያው ፊል ራድ። ላንግ ብቻ የለም፣ ባንዱ ራሱ ፕሮዲዩስ አደረገው። ውጤቱን ስሙት፦ ጊታሩ ሻካራ ነው፣ ማራኪም ነው፣ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ፊት ለፊት ይጋፋል፣ ያ ክፍተት የለም። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ፕሮዲዩሰር ምን እንደሚሠራ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ይህን አልበም ይንቀዋል፣ እኔ እወደዋለሁ፣ ግን የመጀመሪያ ግዢ አይሁን።

የ1985ቱን «ፍላይ ኦን ዘ ዎል» ግን ተዉት። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ማይኩ ላይ ኤኮ በዝቶበት ዘፋኙ ምን እንደሚል ሳይሰማ ጭፈራው ሲቀጥል አይታችኋል? እንደዚያ ነው። የጆንሰን ድምፅ ከጊታሩ ኋላ ሰምጧል። ዘፈኖቹ ያሳዝናሉ፣ ምክንያቱም መጥፎ አይደሉም።

«ዘ ሬዘርስ ኤጅ» 1990 ነው፣ ፕሮዲዩሰሩ ብሩስ ፌርቤርን። የሚያብረቀርቅ፣ ለሬዲዮ የተወለወለ ድምፅ። መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ የምትሰሙ ከሆነ ይሄ ያዋጣችኋል፣ ኢርፎን ላይ ግን ቶሎ ይሰለቻል።

ሲዲ ስትመርጡ «ሪማስተር» (ድምፁ እንደገና የተስተካከለ) የሚል ጽሑፍ አያስጎምጃችሁ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ስለተቀረጸ ብቻ ነው የተሻለ የሚመስለው። ሁለቱን ስታወዳድሩ የአዲሱን ቮልዩም ቀንሱና ከአሮጌው ጋር እኩል አድርጉት፣ ከዚያ ፍረዱ። ፍላሽ ላይ በርካሽ የሚጫነው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጣም የተጨመቀ ፋይል ነው። ሲምባሉ (የድራሙ ነሐስ ሳህን) እንደ ዘይት ሲንጫጫ ከሰማችሁ ጥፋቱ የባንዱ አይደለም።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁለት መልእክት ይሄ ነው፦ «ባክ ኢን ብላክ» እና «ፓወርኤጅ»፣ ሻንጣው ቦታ ካለው «ፍሊክ ኦፍ ዘ ስዊች»። ሸክላ እንዳታመጣ፣ ማጫወቻ የለኝም። መለሰልኝ፦ «እሺ፣ ግን ጫማ ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?»