«ዳክዬው አልቋል፣ በዓሣ ልቀይርላችሁ?» ካሏችሁ መጀመሪያ ዋጋውን ጠይቁ

ጅማ ውስጥ ለምረቃ ቤተሰብ ልትጋብዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ። እኔ 2,400 ብር ከፍዬ ጨርሻለሁ ብዬ የገባሁበት የቻይና ምግብ ቤት 7,396 ብር ከ75 ሳንቲም አስወጥቶኛል። የቤቱን ስም አልጽፍም። ስም ነገ ይቀየራል፣ እናንተ ዘዴውን እወቁት።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ምረቃው ቅዳሜ ነበር። እናትና አባቴ ዓርብ ከአጋሮ መጡ። እህቴ «ቻይና ምግብ አምሮኛል» አለችኝ። ቴሌግራም ላይ ሳገላብጥ ደግሞ ያ ማስታወቂያ ብቅ አለ፦ የአራት ሰው ፓኬጅ፣ ሾርባ፣ ዳምፕሊንግ (በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ)፣ የተጠበሰ ሩዝና የፔኪንግ ዳክዬ፤ 4,800 የነበረው በ2,400። «ዛሬ ብቻ!» ይላል። ቦታ ለመያዝ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ በቴሌብር። ስልክ ቁጥር ላኩልኝ፣ ብሩን ላክሁ። የተቀባዩ ስም የድርጅት አልነበረም፣ የሰው ስም ነው። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም፣ ቸኩያለሁ።

ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ጥቁር ግድግዳ፣ ቀይ ፋኖስ፣ በመብራት የተሠራ ዘንዶ። ሜኑው በወረቀት የለም፣ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልክ ማንሳት ነው። አባቴ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ «ሜኑ የለም እንዴ?» አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። ጽሑፉ ለእኔም ደቃቅ ነው፣ ለእሳቸው ጭራሽ አይታይም።

ገና ሳናዝ ጀበና በሚመስል ነገር ሻይ መጣ። ለውዝ በትንሽ ሳህን መጣ። ለያንዳንዳችን እርጥብ ፎጣ በፕላስቲክ ታሽጎ መጣ። የቤቱ መስተንግዶ መስሎን እጃችንን ጠረግን። ሒሳቡ ላይ ሻይ 180፣ ለውዝ 150፣ ፎጣ አንዱ 40፣ በአራት 160 ሆኖ አገኘሁት። ሻይና ለውዝ ማስከፈል ቻይና ውስጥም አለ። ግን ጅማ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ንገሩን እንጂ!

ከዚያ አስተናጋጁ መጣ። ትሁት ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ዳክዬው አልቋል። በዓሣ ልቀይርላችሁ?» አለኝ። «ይሁን» አልኩ። አማርኛ የሚችል ሰው «ልቀይርላችሁ» ሲባል ምን ይረዳል? ያንን አንስቶ ይህን ይሰጠኛል ነው የሚለው። በዚህ ቤት ግን ዳክዬው ከፓኬጁ ቀረ፣ ዓሣው በተጨማሪ ተመዘገበ። የዳክዬው ብር አልተመለሰም፣ ከዓሣውም አልተቀነሰም።

የዓሣው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሜኑው ላይ «ሙሉ ዓሣ በዝንጅብልና በአኩሪ አተር ሶስ፣ 190 ብር» ይላል። እንዴት ረከሰ እያልኩ ነበር። ጣቴን አድርጌ ሳሰፋው ከ190 ቀጥሎ በግራጫ ፊደል «በ100 ግራም» የሚል አለ። ያየሁት ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ነው። 1.6 ኪሎ ብለው 3,040 ብር ጻፉብን። ዓሣው ቆሮሶ ነው። ከጭራው እስከ ራሱ በአንድ መደበኛ ሳህን ላይ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ ላይ ሎሚ የሚቀመጥበት ቦታ ተርፎ ነበር። ከጊቤ ግድብ የሚመጣውን ቆሮሶ ገበያ ላይ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ፣ ይህ 1.6 ኪሎ ነው? «ሚዛኑን አሳዩኝ» ስል «ሳይበስል ነው የተመዘነው» አሉኝ። ሳይበስል ማን አየው? ቻይኖቹ ራሳቸው በደህና ዓሣ ቤት ዓሣውን በሕይወቱ አምጥተው ያሳዩሃል፣ መዝነው ነው ወደ ድስት የሚያስገቡት። የእኛም ሥጋ ቤት ቢሆን ሚዛኑ ዓይንህ ሥር ነው።

ለእናቴ የጾም ጠየቅን፣ ዓርብ ነው። (አባቴ ስኳር ስላለባቸው አይጾሙም።) «የአትክልት ኑድል አለ፣ የጾም ነው» ተባልን፣ 420 ብር። እናቴ ሁለት ጊዜ ጎርሳ አቆመች። «ይህ ነገር ይሸተኛል» አለች። ሶሱን ምን እንደሆነ ጠየቅሁ፣ ልጁ ጠርሙሱን አመጣው፦ ኦይስተር ሶስ። ኦይስተር ባሕር ውስጥ ያለ ባለ ቅርፊት እንስሳ ነው። ኑድሉም በእንቁላል የተቦካ ነበር። ልጁ ያታለለን አይመስለኝም፣ እሱም አያውቅም። ሥጋ ከሌለው ጾም ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ «የጾም ነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ሶሱን፣ የሾርባውን ውሃና እንቁላሉን ለይታችሁ ጠይቁ። ሙስሊም ወገኖችም እንዲሁ፣ ሥጋው ሐላል ሆኖ ሶሱ ውስጥ የሩዝ ወይን ሊኖር ይችላል። ቻይና ኩሽና ውስጥ የተለመደ ነገር ነው።

ምግቡ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። ዳምፕሊንጉ ግሩም ነው፣ ሊጡ ስስ፣ ውስጡ ትኩስ። አባቴ የሲቹዋን ቅመም ያለበትን ሾርባ ቀምሰው «ምላሴ ተኛ!» ብለው ደንግጠው ነበር። ቅመሙ ጠባዩ ነው፣ ያደነዝዛል። ይህንንም የነገረን የለም።

ሒሳብ መጣ። ዓሣ፣ ኑድል፣ ሻይ፣ ለውዝ፣ ፎጣ፣ ድምሩ 3,950። በላዩ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። 4,996 ብር ከ75 ሳንቲም። ወረቀቱን ሳየው ደረሰኝ አይደለም፣ የትዕዛዝ ማጠቃለያ ነው። የግብር ከፋይ ቁጥር የለውም፣ የማሽን ቁጥር የለውም። ቫት ግን ተደምሮበታል። «የካሽ ማሽን ደረሰኝ ስጡኝ» ስል «ሲስተም ደክሟል» አሉ። ቆየት ብሎ ካሸሯ መጣችና በሹክሹክታ «ደረሰኝ ካልፈለክ ቫቱን ላንሳልህ» አለችኝ። እዚህ ጋ ነው ደሜ የፈላው። የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ለማን ሊገባ ነበር? ያለ ደረሰኝ አልከፍልም ብዬ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ሲስተሙ ተነሳ። የከፈልኩት የዚያን ጊዜ ነው። ያ በቴሌብር የላክሁት 2,400 ግን ደረሰኙ ላይ የለም። ለግለሰብ ነዋ የላክሁት።

ስለዚህ ወገኖች፣ ቅድሚያ ክፈሉ ካሏችሁ ለድርጅቱ የቴሌብር መለያ ይሁን። ማስታወቂያውንና ሜኑውን በስልካችሁ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ የስልክ ሜኑ በአንድ ሌሊት ይቀየራል። «ልቀይር» ላላችሁ ሰው «ከፓኬጁ ውስጥ ነው ወይስ ተጨማሪ?» በሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኔ ደረሰኙን፣ የቴሌብሩን መልእክትና የማስታወቂያውን ፎቶ ይዤ ሰኞ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። የሚሉትን እጽፍላችኋለሁ።

ስንወጣ ዝናቡ ጀምሯል። እናቴ አልበላችም። ባጃጅ ይዘን መርካቶ ሽሮ ቤት ገባን፣ አባቴም «እኔም እራቴን ልብላ» ብለው አብረው ቀረቡ።

ዛሬ ጠዋት ቴሌግራሙን ከፈትኩት። ከገዛሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ፓኬጁ አሁንም 2,400 ነው፣ አሁንም «ዛሬ ብቻ!» ይላል።