ጭራ ቆራጣው አሳችን የማን ገበታ ላይ ወጣ? ጣና ዳር አሳ ለምታስጠብሱ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው እጄ ገና አሳ አሳ እየሸተተ ነው። ቤት ከገባን ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። እናቴ ራሷን አሟት ጋደም ብላለች። እህቴ «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ንዴቱ አልወጣልኝም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እንግዳ አለመሆኔ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ። ወደ ዘጌ ለመሄድ በጀልባ ተዋውለው፣ ሲመለሱ «ዋጋው በሰው ነው» የተባሉ እንግዶችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሲነግሩኝ «እንዴት ቀድማችሁ አትጠይቁም?» እያልኩ የምቆጣው እኔው ነበርኩ። ከደሴ ልጆቿን ይዛ ለመጣችው እህቴም «እኔ እያለሁ ማን ያታልልሻል» ብዬ ነው ይዣት የወጣሁት።

የቦታውን ስም አልጠራም፤ ሌላ ጣጣ አልፈልግም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ «ለቤተሰብ ተስማሚ የባሕር ዳርቻ» የሚል ትልቅ ጽሑፍና ሲዋኙ የሚስቁ ሕፃናት ሥዕል አለ። አሸዋው ከሌላ ቦታ በመኪና መጥቶ የተደፋ ነው። መግቢያ በነፍስ ወከፍ 50 ብር ነው፤ ለመክፈል ሲሆን ሕፃንም ሙሉ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለስድስታችን 300 ብር። ዘበኛው ልጆቹን እያየ «ይግቡ እንጂ፣ ጣና እኮ ንጹሕ ነው» አለ። ቄጠማ የበዛበት ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ እንደሚይዝ፣ ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል እንደሚገባ እዚህ ያደግን ሁሉ እናውቃለን። «ከአሸዋው የሚያልፍ ወዮለት!» ብዬ ሦስቱንም ከለከልኳቸው። ይህን ያህል ጠንቃቃ ነበርኩ እንግዲህ። ከውሃው ጠብቄ ማድ ቤቱ በላኝ።

የቦታው አንድ ደግ ነገር፣ ዛሬም አልክደውም፣ አጥሩን አልፎ ያለው የአሳ አስጋሪዎች ማረፊያ ነው። የደንገል ታንኳዎቹ ውሃቸው እንዲወርድ በቁማቸው ተደግፈው ይደርቃሉ፤ ደንገል ውሃ ከጠጣ ስለሚከብድ ካልደረቀ መልሶ አይሠራም። ፔሊካኖቹ የሚጣልላቸውን አንጀት ለመቅለብ ይጋፋሉ። ልጆቹ ከዚያ አልነቀል አሉ። አንድ ሽማግሌ መረባቸውን እየፈቱ አሳውን አንድ በአንድ ያሳዩአቸው ጀመር። ይህ ባለቅርፊቱ ቆሮሶ ነው፤ ይህ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ደግሞ አምባዛ። ቢልጫ የሚባለው ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ያኔ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የነገ አሳውን እንደሚበላ ነገሯቸው። እምቦጭ መረባቸውን ስንት ጊዜ እንደበጣጠሰባቸውም አጫወቱን። ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ከእርሳቸው አራት ቆሮሶ በ1,200 ብር ገዛን። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ከክርኔ እስከ ጣቴ ሥር ይደርሳል ብል አላጋነንኩም። ጭራው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ልክ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆርሷል። ልጄ ጣቱን በተቆረሰው በኩል እያስገባ «ምን ሆኖ ነው?» ቢላቸው ሽማግሌው ሳቁና «ከእኔ በፊት ሌላ የቀመሰው አለ» አሉት። ልጄ «ቆራጣው» ብሎ ስም አወጣለት። ይህችን የተቆረሰች ጭራ ልብ በሉልኝ።

አስተናጋጁ አጥሩ ድረስ መጥቶ ነው የተቀበለን። ለማብሰያ ለአንድ አሳ 150 ብር ተስማማን። ሦስቱ ሙሉውን እንዲጠበሱ፣ አንዱ ለእናቴ እሾሁ ወጥቶለት ጉላሽ እንዲሆን አዘዝኩ። እናቴ ቅርፊት የሌለው አሳ በአፏ አይዞርም፤ ለዚህ ነው ቆሮሶውን ዓይኗ እያየ ያስመረጥኳት። አስተናጋጁ ፌስታሉን ከእጄ ወሰደና «እትዬ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ፤ ራሴ ቆሜ ነው የማስጠብስልዎ» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት። አመስግኜ፣ 1,200 ብሬን በፌስታል አስረክቤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚያች ዞሮ መሄድ ውጤት ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ልጆቹ በረሃብ መነጫነጭ ሲጀምሩ ሳህኑ መጣ። ሦስት አሳ፤ መዳፌን የማያክሉ፣ እንደ ጭራሮ የደረቁ። ለስድስት ሰው ደግሞ አንድ የሎሚ ቁራጭ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት አስተናጋጁ «አሳ ሲጠበስ ይጠባል» አለ። ያልተጠየቀውን ሲመልስ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ለእህቴ ማስረዳት ጀመርኩ! «አዎ፣ ትኩስ አሳ ውሃ ይበዛበታል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይሟሽሻል» እያልኩ ጠበቃ ሆንኩላቸው። እህቴ ዝም ብላ ሳህኑንና እኔን አየች።

እናቴ ጉላሹን አንድ ጉርሻ ወሰደች። ከዚያ ማኘክ አቆመች። ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ በሶፍት ተፋችውና ሳህኑን በጣቷ ቀስ አድርጋ ገፋችው። «ልጄ፣ ይህ አምባዛ ነው።»

«እማዬ፣ ቆሮሶ ነው እኮ፤ ዓይንሽ እያየ አይደል የገዛነው?» አልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ የጣናን አሳ ስትበላ ለኖረች ሴት፣ የአሳ ጣዕም እኔ ላስተምራት!

በዚህ መሐል ልጄ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሮጦ መጣና ቀሚሴን ያዘኝ። «እማ፣ ቆራጣው እዚያ ነው።» መጀመሪያ አልገባኝም። እየጎተተ ወሰደኝ። ዋርካው ሥር አራት ሰዎች ቢራ ይዘው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ረዥም ሳህን አለ። በሳህኑ ላይ አንድ ትልቅ አሳ ጎኑ በቢላዋ ተሰነጣጥቆ፣ ወርቅ መስሎ ተጠብሶ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ሎሚ፣ ጎኑ ላይ አዋዜ። ሳህኑ አልበቃው ብሎ ጭራው ወደ ውጭ ወጥቷል። ከታች በኩል ግማሽ ጨረቃ ጎድሎታል። መነጽር ያደረገው ሰውዬ በዚያው ጭራ ይዞ አሳውን ወደ ሌላው ጎኑ ገለበጠው።

ፈዝዤ ቆሜ ማየቴን አይተው ሰዎቹ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «እንብላ!»

የገዛ አሳዬን እንድበላ ተጋበዝኩ። ሰዎቹን አልወቅስም፤ ጨዋዎች ናቸው። ጠየቅኳቸው። «የዛሬ ምርጥ አሳ ብለውን ነው፤ 950 ብር» አሉኝ። እኔ ለአራት አሳ 1,200 ብር ከፍዬ፣ አንዱን ብቻ በ950 ብር ሸጠውታል።

አስተናጋጁን ጠርቼ ጭራውን አሳየሁት። ፊቱ ላይ እፍረት እፈልግ ነበር፤ ከየት ይምጣ? «አሳ ሁሉ ጭራ አለው» አለኝ። የተቆረሰውን ቦታ በጣቴ እያመለከትኩ ስናገር ደግሞ «ምልክት አድርገሽበት ነበር? የልጅ ወሬ ይዘሽ ሰው ፊት አታዋርጂን!» አለ። ልብ በሉ፣ ፌስታሉን ሲቀበለኝ «እርስዎ» ነበርኩ። አሳዬ ሌላ ሰው ሆድ ከገባ በኋላ «አንቺ» ሆንኩ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ኃላፊ ነኝ የሚለው ሰው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ። እናቴ በጨዋ ደንብ ተነሥታ «ልጄ፣ እኔ አምባዛ አልበላም፤ በእምነቴ ነው» አለችው። ሰውዬው ስንጥሩን ሳያወጣ «እማማ፣ አሳ አሳ ነው፤ ሆድ ከገባ አንድ ነው» አላት። አጠገቡ የቆሙት ሁለት ሠራተኞች ሳቁ። ገንዘቡን እርሱት። ያንን ሳቅ ነው አሁንም ጆሮዬ የሚሰማው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ አጠገባቸው ተኝቶ፣ የአንዲት አሮጊት ጉላሽ ውስጥ እጃቸውን ማስገባታቸው ምን ይባላል?

ሒሳቡ ደግሞ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ መጣ። ማብሰያ 600፣ «ዘይትና ቅመም» 300፣ «ጥላ» 200፣ በላዩ ላይ የ15 በመቶ ቫት 165፤ ድምር 1,265 ብር። የማሽን ደረሰኝ የለም፣ ቫት ግን አለ። «ደረሰኙስ?» ብል «ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ቫቱ እንዴት ደኅና ሆነ?

ከፈልኩ። አዎ፣ ከፈልኩ። የእህቴ ትንሿ ልጅ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ እናቴም «እባክሽ እንሂድ፣ ሰው እያየን ነው» እያለች እጄን ይዛለች። ቴሌብር ከፍቼ የሚስጥር ቁጥሬን ሳስገባ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ኃላፊው ከላይ ቆሞ «ቀስ ብለሽ» አለኝ። ከመግቢያውና ከአሳው ጋር 2,765 ብር ወጥቶ ሁላችንም እየራበን ተመለስን። ልጆቹ መንገድ ላይ በቆሎ እሸት በሉ።

ስንወጣ ሽማግሌውን አስጋሪ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልጄ፣ ምነው አልጠየቅሽኝም? ከታንኳዎቹ ወዲያ ያሉት ሴቶች ፊታችሁ ነበር የሚጠብሱላችሁ» አሉኝ። እኔ እኮ እነዚያን ሴቶች አይቻቸዋለሁ። ጭሱ ልብስ ያበላሻል ብዬ ነው ያለፍኳቸው፤ እንግዳ ይዤ ስለነበር ወንበርና ጥላ አማረኝ።

ለማንኛውም መሄዳችሁ ካልቀረ ፌስታሉን አትልቀቁ። ከለቀቃችሁም ምጣዱ አጠገብ ቁሙ፣ ዋጋውን ከነዘይቱ ጠይቁ፣ የማሽን ደረሰኝ ካልመጣ ቫት አትክፈሉ።

እህቴ ማክሰኞ ወደ ደሴ ትመለሳለች። ነገ ጠዋት ወደ ሽማግሌው ተመልሼ ቆሮሶ ገዝቼ በገዛ መጥበሻዬ ልጠብስላት ነው። ልጄ እስከ ቤት ድረስ ጭራውን የምይዘው እኔ ነኝ ብሏል።