በምሥራቅና ምዕራብ ይከፈል ወይስ ከ1 እስከ 16 ይደርደር?

የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ዋንጫው የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ አሁን ከምሥራቅ 8፣ ከምዕራብ 8 ቡድን ያስገባል። ሌላው አማራጭ ኮንፈረንሱን (የምሥራቅና ምዕራብ ክፍፍሉን) ትቶ ሁሉንም በውጤት መደርደር ነው፣ 1ኛው ከ16ኛው ይገጥማል። እኔ ለሁለተኛው ነኝ። በ2013/14 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ ሰንስ 48 ጨዋታ አሸንፎ ምዕራብ ስለሆነ ብቻ ከፕሌይኦፉ ቀረ፤ አትላንታ ሆክስ ግን 38 ብቻ አሸንፎ (44 ተሸንፎ ማለት ነው!) በምሥራቅ በኩል ዘው አለ። ያውም ሰንስ ከዓመቱ 82 ጨዋታ 52ቱን የተጫወተው ከእነዚያ ከባባድ የምዕራብ ቡድኖች ጋር ነው። ይሄ ምኑ ፍትሕ ነው?

የአሁኑ የሚሻለው በጉዞ ነው። የምዕራቡ ፖርትላንድና የምሥራቁ ማያሚ በመጀመሪያው ዙር ቢደርሳቸው እስከ 7 ጨዋታ አገር አቋርጦ መመላለስ ነው። ፖርትላንድ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ማያሚ ላይ 4 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ቢሆንም ድካሙን እመርጣለሁ።