ለገሃር አካባቢ የገዛኋት የአየር ብናኝ መለኪያ
በአጭሩ እቃዋ አሪፍ ናት ሱቁ ግን እንትን ነው፣ ሻጩ ምን እንደምትለካ እንኳን አያውቅም ዋስትናም የለም። ፋኗ አየር ይስብና ውስጧ ያለው ሌዘር ብናኙን ሲመታ የሚበተነውን ብርሃን ነው የምታነበው፣ ትላልቆቹ ላይዳሮችም (በሌዘር ከርቀት የሚለኩ መሣሪያዎች) እኮ በዚሁ ሀሳብ ነው የሚሰሩት ግን እነሱ ጨረሩን ወደ ሰማይ ልከው እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ስለሚለኩ ብናኙ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ይነግሩሃል፣ ይቺ የምታውቀው አፍንጫዋ ስር ያለውን ብቻ። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስማ ቁጥሩ ጣራ ይነካል (እማዬ "አጥፊልኝ ይሄን ነገር" ብላለች 😂)። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ለፒኤም 2.5 (ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ) ያወጣው የ24 ሰዓት ገደብ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ጋ ይዛችሁ ቁሙና እዩት። ክረምት ላይ ጉም ያለ ጠዋት ግን አትመኗት፣ የጉሙን ጠብታ ብናኝ ብላ ትቆጥረዋለች።