«ሰባት እጅ ዋክስ» ለሚሏችሁ ላቫጆዎች ብር እንዳትከፍሉ

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ ባለመኪናዎች፣ ወደ ደሴ ስታልፉ እዚህ አሳጥባችሁ የምትሄዱም ጭምር፣ ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ጥር ላይ የእህቴን ልጅ ስንድር ሠርጉ ደብረ ሲና ነበር፤ የእኔ ቪትዝ ደግሞ ከአጃቢዎቹ አንዷ። አሮጌ ናት፤ ቀለሟ ግን ያልተነካ የፋብሪካ ቀለም ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ። ለተራ እጥበት ብዬ መንገድ ዳር አንድ ላቫጆ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አንዱ ልጅ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ጋሼ፣ ይቺን የመሰለች ቀለም ፀሐይ ሲበላት ዝም ይላሉ? ሰባት እጅ ዋክስ ካለበስናት እኮ ሁለት ዓመት ውኃ አይነካትም» አለኝ። ዋክስ ማለት ቀለሙ ላይ የሚቀባ ሰም ነው፤ ሰባት እጅ ሲሉም ሰባቴ ደራርበው ማለታቸው ነው። ሰባት ሺህ ብር፣ እጁ በአንድ ሺህ። ለሠርግ ነው ስለው አምስት መቶ ቀነሰልኝ። ያቺ አምስት መቶ እንዴት ደስ እንዳሰኘችኝ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ተመለስኩ። አልዋሽም፣ ታበራለች። ኮፈኗ ላይ ጢሜን መላጨት እችል ነበር። በማግስቱ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን በጉም ወረድን፤ ከዚያ ወደ ሙሽራው ቤት የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ መጣ። እዚያ ነው ጉዱ የታየው። ሌሎቹ መኪኖች አቧራ ነካቸው፤ የእኔዋ ግን ቅቤ እንደተቀባ ፀጉር ያገኘችውን ሁሉ ሰበሰበች። ቤቴ ተመልሼ በባልዲ ሳጥባት ጨርቁ ቅባት ቅባት አለ፤ አብረቅራቂነቱም አብሮ ወረደ። ውኃው ከኮፈኑ ላይ እንክብል ሠርቶ መንከባለል ሲገባው እንደ ተራ ቆርቆሮ ተዘርግቶ ቀረ። ፀሐይ ሲያርፍባት ደግሞ ድሮ ያልነበረ ክብ ክብ ጭረት አየሁ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳያራግፉ መልሰው ፈትገውባታል ማለት ነው። የፓራውልቱ ጥቁር ፕላስቲክ ላይም ነጭ ነጭ ነገር ደርቆ ቀርቷል።

ሄጄ ስጠይቅ ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ በሳሙና አጥበዋት ይሆናላ!»

«ታዲያ በምን ልጠባት? በጠበል?»

ሁለት ዓመት የተባለው ሁለት ሳምንት አልሞላም። እውነት ነው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሰም ያስለቅቃል፤ መኪና በመኪና ሻምፖ መታጠብ አለበት። ግን ያንን ሲቀባልኝ አልነገረኝም፤ ደግሞም የተቀባልኝ ሰም ሳይሆን በአብዛኛው ቅባት ነበር።

«ሰባት እጅ» የሚሉት ለምን እንደማይሆን ላስረዳ። «አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ» የሚለው አቆጣጠር ለቀለም ቀቢ ይሠራል፤ የደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ይደራረባል። ሰም እንደዚያ አይደለም። ለመኪና ጥሩ የሚባለው ካርናውባ ነው፤ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ። ብቻውን እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ የማይቀልጥ ነገር ስለሆነ፣ በእጅ እንዲቀባ ፋብሪካው ከዘይትና ከአሟሚ (ሰሙን ከሚያላላ ፈሳሽ) ጋር ያዋህደዋል። አሟሚው ከነጭ ጋዝ ብዙም የራቀ ዘመድ አይደለም። (ስለዚህ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ስለሸተተ ብቻ «አጭበረበሩኝ» አትበሉ፤ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት በዚያ ነበር፣ ተሳስቻለሁ።) አሟሚው ተንኖ እስኪያልቅ ሰሙ አይጠነክርም። ገና ባልጠነከረው ላይ ሌላ ስትቀቡ አዲሱ አሟሚ የታችኛውን መልሶ ያላላዋል፣ የመወልወያው ጨርቅም ሁለቱንም ጠርጎ ይዞት ይሄዳል። ሰባቴ ደጋግማችሁ የሚተርፋችሁ አንድ እጅ ነው። የቀሩት ስድስት እጆች የት ገቡ ካላችሁኝ፣ ልጁ ኪስ ውስጥ።

በአግባቡ ቢሠራ እንኳ የሰም ጥቅም ሁለተኛው እጅ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል። የሁለተኛው ዋና ሥራም ማወፈር ሳይሆን መጀመሪያ የተዘለለውን ቦታ መሸፈን ነው። በመካከላቸው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ቢቻል ሙሉ ቀን ማለፍ አለበት። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ብርዱ ማድረቂያውን ጊዜ ያራዝመዋል። እንግዲህ ሰባት እጅ በእውነት ቢቀባ መኪናችሁ ሳምንት እዚያው ታድራለች። በሦስት ሰዓት የሚያስረክባችሁ ሰው መቁጠር አይችልም ወይም እናንተ አትችሉም ብሎ አስቧል።

የዕድሜውንም ነገር እወቁ። ካርናውባ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው። ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ መከላከያ ከዚያ ይቆያል። ሁለቱን መደራረብ ትርጉም አለው፤ ግን ሲላንቱ ከታች፣ ሰሙ ከላይ፣ በመካከላቸው አንድ ሌሊት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሲላንቱ የሚይዘው ቀለም አያገኝም።

ከሁሉ የምፈራላችሁ ግን «ከዋክሱ በፊት በማሽን ፖሊሽ እናድርጋት» የሚለውን ነው። ፖሊሽ ይፍቃል። ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ክሊር የሚባለው፣ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። በየበዓሉ ካስፈቀፈቃችሁት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ቀቢ ዘንድ ነው። አንዳንድ የድሮ ኮሮላ ጭራሽ ክሊር የለውም፤ ሲወለወል ጨርቁ ላይ የሚወጣው ቀለሙ ራሱ ነው። «ቆሻሻው ሲወጣ ያዩታል?» ብለው ቢያሳዩአችሁ ጨርቁ ከመኪናችሁ ቀለም ጋር መመሳሰሉን እዩ።

«ሴራሚክ» የሚባል ሌላ የቀለም መከላከያ ነው እያሉ በግማሽ ሰዓት የሚረጩትንም ከእነዚሁ አታላዮች ደምሯቸው።

ልታስቀቡ ከሆነ ቆርቆሮውን አስከፍታችሁ እዩ፣ ስንት እጅ እንደሚቀቡና መቼ እንደምትረከቡ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ እኔ ግን ደረሰኝ ስላልያዝኩ ምን ይዤ ልክሰስ? በመጀመሪያው ቀን ውኃ ተንከባለለ ብላችሁም አትርኩ፤ ሲሊኮን ቅባትም ያንከባልላል። ፍርዱ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ነው።

አሁን ራሴ ነው የምቀባት። ጥላ ሥር፣ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ። ኮፈኑ ሲነካ ከሞቀ አይሆንም፣ ሰሙ ይጋገርበታል። ለመላዋ ቪትዝ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይፈጅም፤ በስሱ ነው። ጣቴን ሳልፍበት ሳይለጠጥ ንጹሕ መስመር ከተወ ደርቋል ማለት ነው፣ በማይክሮፋይበር እወለውላለሁ። ሁለተኛውን እጅ በማግስቱ። ጥቁሩን ፕላስቲክ በወረቀት ፕላስተር እሸፍነዋለሁ።

ክብ ክብ ጭረቱ ግን አሁንም ኮፈኑ ላይ አለ። ለማጥፋት ፖሊሽ ያስፈልጋል፣ ፖሊሹ ደግሞ ከክሊሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተውኩት።